አጃቢ የማያጣው ክኒን

አንባቢዎቼ፣ ስለ ድፍረቴ ይቅርታ አድርጉልኝ። እኔ ልብስ ተኳሽ ነኝ፤ እጄ ከካውያ ሌላ አያውቅም፣ ብዕር ስይዝ ያልበኛል። ግን የምጽፍላችሁን ሰው እናንተም ታውቋቸዋላችሁ ብዬ ነው።

ሦስት ሰው በተሰበሰበበት ሁሉ አንዱ ሳይማር ሐኪም ነው። የኛ ልብስ ማጠቢያ ቤት ሐኪም የእጥበት ኃላፊያችን ናቸው። እትዬ ሐኪም እንላቸዋለን። ክብርት የጤና ሚኒስትራችን መድኃኒት ቤታቸው ቦርሳቸው ነው፤ ሰው «እህ» ካለ ይከፈታል። ልብስ አድራሹ ሾፌር ጥርሱን ቢያመው ሁለት ዓይነት ክኒን አስዋጡት፤ መኪናው ውስጥ እንቅልፍ ጥሎት የሆቴሉ አንሶላ በማግስቱ ደረሰ። ጸሐፊዋ አንድ ቀን አዛግታ፣ ለማዛጋቷ ተሰጣት። «ለምን ሁለት?» ያለ እንደሆነ መልሳቸው ያው ነው። «ክኒን ብቻውን መንገድ አይወጣም፤ አጃቢ ይፈልጋል።»

ባለፈው ሳምንት ሳሙና ላይ ተንሸራትተው የእጃቸው አንጓ ተሰነጠቀ። ክሊኒኩ በጄሶ አሰረና ጠንከር ያለ ማስታገሻ አዘዘላቸው። በሦስተኛው ቀን እጃቸውን አንጠልጥለው ሥራ ገቡ። ከምሳ በኋላ መተኮሻዬ ላይ ሁለት ካርቶን አኖሩ፤ ከታዘዘላቸው ሁለት ፍሬ፣ ከቦርሳቸው ደግሞ ሁለት ፓራሲታሞል። «ይኸው አጃቢው» ብለው ዋጡት።

እኔ የማነበው ፊደል በፊደል ነው። ካርቶኖቹን ጎን ለጎን ሳይ፣ በሁለቱም ላይ አንድ ረጅም ቃል አለ። ደግሜ ቆጠርኩ። ያው ነው።

ልናገር? እኔ ማን ነኝና? ባልናገርስ? ይህን ሳወጣ ሳወርድ የሰው ሸሚዝ ለበለብኩ። በመጨረሻ ካርቶኖቹን በሽርጤ ደብቄ መንገድ ማዶ መድኃኒት ቤት ሮጥኩ።

ባለሙያዋ አገላብጣ አየቻቸው። «ይሄኛው ለብቻው ሁለት መድኃኒት ነው፤ ኮዴይንና ፓራሲታሞል አንድ ላይ። ከላዩ ፓራሲታሞል ሲደረብ መጠኑ ያልፍና ጉበት ይጎዳል። ስንት ቀናቸው ነው?»

«ሦስት። በቀን አራቴ እንደሚውጡ ነግረውናል።»

«ምንም ባይሰማቸውም ዛሬውኑ ሐኪም ይያቸው።»

ተመለስኩ። «እትዬ፣ አጃቢው ውስጡ ነበር አሉ» አልኩ፤ ድምፄ ለራሴም አልተሰማኝ። ደግሜ፣ የሰማሁትን አንድ በአንድ ነገርኳቸው። የማጠቢያው ሰው ሁሉ ዞሮ አየን።

«አንቺ ልጅ፣ ከመቼ ወዲህ ነው ማንበብ የጀመርሽው?»

ሳቁብኝ። ካርቶኖቼን አምጪ ቢሉኝ «ሐኪም ሳያይዎት አልሰጥም» አልኩ። ሌባ አሉኝ። ክሊኒኩ እስኪዘጋ ለመንኳቸው። «እኔ አለት ነኝ፤ ነገ ይደርሳል» ብለው እንደ ተኮሳተሩ ወጡ።

ስድባቸው አልነበረም የከበደኝ። እኔ ትኩሳት ይዞኝ ስወድቅ፣ አለቃ ሳያውቅ ሳምንት ሙሉ ድርሻዬን የተኮሱልኝ እሳቸው ናቸው። ቦርሳቸው ስህተት ቢሞላም፣ እሳቸው ከሌሉ በዚያ ቤት «ምን ሆነሽ?» የሚል ሰው የለም።

በማግስቱ ጠዋት ከሥራ በፊት ደጃቸውን አንኳኳሁ። ለካ ለብሰው፣ ከበሩ ጀርባ ወንበር ላይ ተቀምጠው ሲጠብቁ ነበር። ተያይዘን ክሊኒክ ደረስን። ውጤቱ በኋላ ደህና ሆነ፤ ያን ሰዓት ግን ማን አውቆ። ነርሷ ደም ልትቀዳ መርፌዋን ስታወጣ ክብርነታቸው ልብሴን ጨመደዱ።

«መርፌ እፈራለሁ» አሉኝ በጆሮዬ።

ደህናውን ክንዳቸውን ለነርሷ ዘረጋሁላትና ፊታቸውን ወደ እኔ አዞርኩ። «እኔን ይዩ፣ እትዬ» አልኳቸው። ዓይናቸውን ሳይነቅሉ አዩኝ።