ስሜን ከፍ አድርገህ ጻፈው

[ጠባብ ቢሮ። ሁለት ኮምፒውተር፣ አንድ ደህና ወንበር። ደህናው ወንበር ላይ ፕሮግራም ሠሪው ተቀምጧል፤ አብረውት የተማሩት ለማሾፍ “ፕሮፌሰር” ብለው ሰይመውታል፣ እሱ ግን የምር ወስዶታል። ሶኬቱ አጠገብ በርጩማ ላይ ረዳቱ፣ የሚስቱ ታናሽ ወንድም የሆነው “ቀስበቀስ” ተቀምጧል። ከአንድ ሰዓት በኋላ የሆስፒታል ሰዎች የወረፋ ፕሮግራማቸውን ሊረከቡ ይመጣሉ።]

ፕሮፌሰር፦ ከፍ አድርገው አልኩህ እኮ! አሁንም ጉንዳን ያህላል።

ቀስበቀስ፦ ጋሼ፣ ከዚህ በላይ ከፍ ካለ “ወረፋ ያዝ” የሚለው ቁልፍ ከስክሪኑ ይወጣል።

ፕሮፌሰር፦ ይውጣ! ሰው መጀመሪያ ማየት ያለበት የሠሪውን ስም ነው።

ቀስበቀስ፦ ለበሽተኛ ምን ያደርግለታል?

ፕሮፌሰር፦ ይጽናናል! ደግሞ እናትህ በየወሩ እዚያ ሆስፒታል አይደል የሚሄዱት? ስምንት ዓመት ሙሉ “ልጄን ያገባት ሰው ሥራው ምንድን ነው?” ሲሉ ኖሩ። አሁን ያንብቡታ! ዓይናቸው ስለደከመ ነው ከፍ አድርገው የምልህ።

ቀስበቀስ፦ እሺ። የሦስቱን ሰዎች ስምስ የት ላድርገው?

ፕሮፌሰር፦ የትኞቹ ሦስት ሰዎች?

ቀስበቀስ፦ ፕሮግራሙን የሠሩት ናቸዋ።

ፕሮፌሰር፦ [በሩን በቆረጣ እያየ] ድምፅህን ቀንስ! እነሱ መሠረቱን ነው የጣሉት። ቤቱ የእኔ ነው።

ቀስበቀስ፦ ለማወቅ ያህል ነው ጋሼ፣ አንተ የትኛውን ሠራህ?

ፕሮፌሰር፦ ቁልፉን አረንጓዴ ያደረገው ማነው?

ቀስበቀስ፦ አንተ።

ፕሮፌሰር፦ በቃ!

ቀስበቀስ፦ ግን ሰዎቹ “ስማችንን አታጥፉ” ብለው የለም እንዴ? ከኮዱ ጋር በመጣው ፈቃድ ላይ። “ውሰዱ፣ ለውጡ፣ ለሌላም ስጡ፤ ብቻ ስማችንንና ይሄን ፈቃድ አታጥፉ፣ ለምትሰጡት ሰው ኮዱንም ስጡት” ይላል።

ፕሮፌሰር፦ ተው እንጂ! ክፍት ምንጭ ነው፤ ኮዱ ለማንም የተለቀቀ። በር ክፍት ከሆነ ይገባል፣ አለቀ። በነጻ የሰጡኝን ምን ብለው ይቀሙኛል?

ቀስበቀስ፦ የእኔ ጭንቅላት ቀርፋፋ ሆኖ ነው። ጎረቤት በነጻ መሰላል አውሶህ “እላዩ ላይ ያለውን ስሜን አትፋቀው” ቢልህ፣ አንተም መሰላሉ ላይ ቆመህ ስትፍቀው ቢያይህ፣ ምን ታደርጋለህ?

ፕሮፌሰር፦ ካየኝማ እወርዳለኋ!

ቀስበቀስ፦ እሱ ነው ያልገባኝ። እስካሁን ለምን አልወረድክም?

ፕሮፌሰር፦ ማን አየኝና?

ቀስበቀስ፦ በኢሜይል ጽፈውልህ የለ? “ፈቃዱን ስለጣስክ መብትህ ተቋርጧል” ብለው። ዛሬ ሃያ ስድስተኛ ቀኑ ነው።

ፕሮፌሰር፦ አልከፈትኩትማ! ያልተከፈተ ደብዳቤ እንዳልደረሰ ይቆጠራል። ይሄ የሕግ ሀሁ ነው።

ቀስበቀስ፦ መልስ ሰጥተሃቸዋል እኮ።

ፕሮፌሰር፦ እኔ?

ቀስበቀስ፦ ኢሜይልህ በራሱ እንዲመልስ አድርገኸው የለ? “መልእክትዎ ደርሶኛል፤ በጥሞና አንብቤዋለሁ” ይላል። አንተው ነህ የጻፍከው።



ፕሮፌሰር፦ ቢሆንስ! ምኑን ነው የሚያቋርጡት? ኮምፒውተሩ የእኔ፣ መብራቱ የእኔ።

ቀስበቀስ፦ እኔም ሰው ልከው የሚነቅሉት መስሎኝ ነው ሶኬቱ ጋ የተቀመጥኩት።

ፕሮፌሰር፦ ሃያ ስድስት ቀን ሙሉ?

ቀስበቀስ፦ ምሳ ሰዓት እወጣለሁ።

ፕሮፌሰር፦ [እስኪያስለው እየሳቀ] ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባላል፤ ያንተ እንቁላል ግን ገና ዶሮዋ ሆድ ውስጥ ነው!

[ስልክ ይጮኻል። ፕሮፌሰር እየሳቀ ያነሳል። “አቤት... አቤት እመቤቴ...” ሳቁ እየጠፋ ይሄዳል። ስልኩን ያስቀምጣል።]

ፕሮፌሰር፦ አለቀልኝ።

ቀስበቀስ፦ ማናት?

ፕሮፌሰር፦ የሆስፒታሉ የሕግ ክፍል ኃላፊ። “ፈቃዱ ካልተስተካከለ አንረከብም” አለች። ለሦስቱ ሰዎች ራሷ ጽፋ ጠይቃለች! ይሄ ሥራ ከቀረ ቢሮው ተዘጋ ማለት ነው። ለእህትህ ምን እላታለሁ? ለእናትህስ? እሱ ይቅር፤ ፕሮግራሙን ቀድመን የሰጠናቸው ሁለቱ ክሊኒኮችስ? የእነሱም መብት ተቋረጠ?

ቀስበቀስ፦ የእነሱ አይነካም። የሚቋረጠው ያጠፋው ሰው መብት ብቻ ነው። ከእሱ የተቀበለው ደንቡን እስካከበረ ድረስ ምንም አይሆንም። እኔም ከአንተ ተቀብዬ ስለነበር አልተነካሁም። እዚህ ቢሮ ውስጥ ያለ ፈቃድ የተቀመጥከው አንተ ብቻ ነበርክ።

[ፕሮፌሰር ሳያስበው ከወንበሩ ብድግ ይላል።]

ፕሮፌሰር፦ ይሄን ሁሉ ከየት አመጣኸው?

ቀስበቀስ፦ ሶኬት የሚጠብቅ ሰው ምን ሥራ አለው? ፈቃዱን አነበብኩት። እኔ እንደ አንተ ፈጣን አይደለሁም፤ ሳልጨርስ “ተስማምቻለሁ” የምትለዋን መንካት አይሆንልኝም። አራት ቀን ፈጀብኝ።

ፕሮፌሰር፦ መጨረሻው ምን ይላል? ቶሎ በል!

ቀስበቀስ፦ የመጀመሪያ ጥፋቱ የሆነ ሰው፣ ከተነገረው በሠላሳ ቀን ውስጥ ካስተካከለ መብቱ ይመለስለታል። ለዘለቄታው።

ፕሮፌሰር፦ አራት ቀን አለን! ተነሥ! ስማቸውን መልስ! ፈቃዱን መልስ! ለክሊኒኮቹ ኮዱን ላክ! ምን ትጎለታለህ አንተ ቀርፋፋ!

ቀስበቀስ፦ ልኬዋለሁ እኮ። ሁሉንም በስድስተኛው ቀን ጨረስኩ። ሰዎቹም “መብታችሁ ተመልሷል፣ እናመሰግናለን” ብለው ጽፈዋል። ለሴትየዋም ይሄንኑ ነው የሚነግሯት።

[ፕሮፌሰር ቀስ ብሎ ይቀመጣል፤ ቀስበቀስ በተነሣበት በርጩማ ላይ።]

ፕሮፌሰር፦ ታዲያ ሃያ ቀን ሙሉ ለምን አልነገርከኝም?

ቀስበቀስ፦ ጀምሬልህ ነበር። “አጠር አድርገው” አልከኝ። ሳሳጥረው “ተቋርጧል” የምትለዋ ብቻ ቀረች፤ እንዳትደነግጥ ብዬ ተውኩት።

ፕሮፌሰር፦ [አንገቱን አቅፎ] አማች ማለት እንዳንተ ነው! ከእንግዲህ ቀርፋፋ ያለህን ከእኔ ጋር ይጣላ። ብቻ... የእኔ ስም ግን ቀረ በለኛ።

ቀስበቀስ፦ ኧረ አልቀረም። ፈቃዱ ራሱ ያዛል፤ ኮዱን የለወጠ ሰው፣ ምን እንደለወጠና መቼ እንደለወጠ ጎላ ብሎ ይጻፍ ይላል።

ፕሮፌሰር፦ ጎላ ብሎ?

ቀስበቀስ፦ ጎላ ብሎ።

ፕሮፌሰር፦ ሕግ ማለት ይሄ ነው! ክፈተው ልየው!

[ቀስበቀስ አንድ ቁልፍ ይነካል። ስክሪኑ በትልልቅ ፊደላት ይሞላል። ፕሮፌሰር ቀኖቹን እየዘለለ፣ በኩራት ያነባል።]

ፕሮፌሰር፦ “ይህን ፕሮግራም የሠሩት...” ሦስቱ፣ ይሁን። “የተደረጉ ለውጦች። ፕሮፌሰር አንዱን ቁልፍ አረንጓዴ ቀባ።” ጎሽ! “ፕሮፌሰር የሠሪዎቹን ስም...” [ድምፁ ይወርዳል] “...አጠፋ። የሚስቱ ወንድም መለሰ።” አንተ! አጥፋው ይሄን!

ቀስበቀስ፦ ሠላሳ ቀኑ ለመጀመሪያ ጥፋት ብቻ ነው ጋሼ።

ፕሮፌሰር፦ እሺ አሳንሰው! በእህትህ ይዤሃለሁ፣ እናትህ ሳያዩት ጉንዳን አሳክለው!

ቀስበቀስ፦ እማዬማ አይታዋለች። ትናንት ፕሮግራሙን ለሙከራ ሆስፒታል ወስጄላቸው አልነበር? ዛሬ ጠዋት ቀጠሮ ነበራት፤ ያለ መነጽር ነው ያነበበችው። ወዲያው ደወለችልኝ።

ፕሮፌሰር፦ [ዓይኑን ጨፍኖ] ምን አሉ?

ቀስበቀስ፦ “ስም ማጥፋቱን አላነሳበትም፤ ግን ሥራው ቀለም መቀባት መሆኑን ስምንት ዓመት ለምን ደበቃችሁኝ?” አለች። “ምን ያሳፍራል? እሑድ ይምጣና በሬን ይቀባልኝ። አረንጓዴ እንደሚሆንለት አይቻለሁ።”