ኮፈን ሲከፈት የሚሰበሰብ ሰው

ወረታ መገንጠያ ላይ ሰው ናፍቆዎት ያውቃል? የመኪናዎን ኮፈን ይክፈቱ። ያገሩ ሰው ሥራውን ጥሎ ይመጣል።

እኔ በቀደም ከፈትሁ። ትኩሳት ያነደዳቸውን መሪጌታ አጎቴን ከኋላ ወንበር አስተኝቼ ወደ ደብረ ታቦር ሐኪም ቤት ስከንፍ፣ አሮጊቷ መኪናዬ እዚያው ፈላች። ራዲያተሯ ባዶ ነው፤ ከሥሯ ግን አንዲት ጠብታ የለም። ታዲያ ውሃው የት ገባ?

ባጃጅ ነጂው «ቱቦው ነው» አለ። አንድ የሩዝ ነጋዴ «ራዲያተሩ ተበስቷል» ብሎ፣ ጋቢውን አንጥፎ ከሥሯ ተንጋለለ። ጡረታ የወጡ ሾፌር ደግሞ «ነጩን ጭስ አታዩም? ሞተሩ ራሱ ከውስጥ እየጠጣው ነው እንጂ!» ብለው ተቆጡ። ያገራችን ሰው ሙግት ካገኘ ምን ይፈልጋል? ወገን ለይተን ገጠምን። እኔም የመጣሁበትን ረስቼ ከቱቦው ወገን ቆምሁ። ለማስረጃ አንድ ጀሪካን ውሃ መጣ፤ ሞላናት፤ አስነሣናት፤ ጎደለ። ሌላ መጣ። እሱንም ጠጣችው። እንዲህ ያለ ደግ ሕዝብ የት ይገኛል?

በመጨረሻ ሾፌሩ ረቱ። ሁላችንም እጃቸውን ልንጨብጥ ስንጋፋ፣ ከመኪናው ውስጥ ቀጭን ድምፅ ሰማሁ። ለካ መሪጌታ ሲጣሩ ኖረዋል።

«ልጄ፣ እሷ ከጠገበች ለኔም ጠብ አርግልኝ።»

ጀሪካኑን ዘቀዘቅሁት። ጠብ አላለም።