የቦርሳ ጠባቂው ግራ እግር

በየሠርጉ አንድ ቦርሳ ጠባቂ አለ። ሙሽራው ሊዘገይ ይችላል፣ እሱ ግን አይዘገይም። ዘፈኑ ሞቅ ሲል፣ ሴቶቹ ተረከዛም ጫማቸውን አውልቀው ወደ መሀል ሲወጡ፣ ወንበሩን ወደ ግድግዳው ጠጋ አድርጎ “እናንተ ሂዱ፣ እኔ ዕቃ እጠብቃለሁ” ይላል። ሌባ ፈርቶ አይደለም። ዳንስ ፈርቶ ነው።

በአቃቂ ቃሊቲ የዚህ ማዕረግ ባለቤት ክቡር አቶ ሀብተሚካኤል ናቸው፤ እኔም ከጎናቸው ተቀምጬ ሙያውን የተማርኩ ደቀ መዝሙራቸው ነኝ። ከአንድ ክር ፋብሪካ በመጋዘን ኃላፊነት ጡረታ ቢወጡም አመሉ አልለቀቃቸውም። ቦርሳ ሲረከቡ ዚፑ መዘጋቱን ያያሉ፤ ስልክ ከሆነ ደግሞ መስተዋቱ ቀድሞ የተሰነጠቀ መሆኑን በምስክር ፊት ያስታውቃሉ።

የመጀመሪያው ቦርሳ የባለቤታቸው የየሺሐረግ ነበር። ዘፈን በተጀመረ ቁጥር እጃቸውን ይዛ “ሀብቴ፣ ዛሬስ?” ትላቸዋለች። “ቦርሳሽን አምጪ” ይሏታል። ዕድሜ ልካቸውን እንዲሁ ተባባሉ። እሷ ካረፈች ወዲህ “ዛሬስ?” የሚላቸው ጠፋ።

ጠፋ ስንል አንድ ልጃቸው እየሩሳሌም ልታገባ ሆነ።

“አባዬ፣ አዳራሽ ውስጥ እኔና አንተ ዋልዝ እንደንሳለን።”

“ማነው እሱ?”

“ዳንስ ነው።”

“ዕቃውን ማን ይጠብቃል?”

“አባዬ!” አለች፤ ከዚያ ድምጿን ቀነስ አድርጋ፣ “እማዬን እምቢ እንዳልካት እኔንም እምቢ እንዳትለኝ።”

ከዚያ ቀን ጀምሮ እህል አልወርድ አላቸው። ሳሪስ ውስጥ ከአንድ ሶፋ መሸጫ በላይ ያለ ዳንስ ቤት ተመዘገቡ። ደረጃው ላይ የሚያውቃቸው ሰው ቢያገኛቸው “ሶፋ ልጠይቅ ነው” ለማለት ተዘጋጅተው ይወጣሉ።

አስተማሪዋ እምነት የልጃቸው እኩያ ናት። “ጋሼ፣ ወንድ ግራ እግሩን ወደፊት አድርጎ ነው የሚጀምረው” አለቻቸው።

ነገር የተበላሸው እዚህ ላይ ነው። አቶ ሀብተሚካኤል “ቀኝ አውለኝ” ብለው ቀኝ እግራቸውን ሳያስቀድሙ ከቤት ወጥተው አያውቁም። ታክሲ እንኳን በቀኝ ነው የሚሳፈሩት፤ ረዳቱ “ፋዘር፣ ይግቡ እንጂ!” እያለ ሲጮህ በሩ ላይ ቆመው እግር ይቀያይራሉ። ሙዚቃው እንደጀመረ ቀኛቸው ቀደመና የእምነትን ጣት ረገጡት።

“ይቅርታ ልጄ!”

“ምንም አይደል። በግራ፣ ጋሼ።”

“በግራ የተጀመረ ነገር ምን ይሆናል ብለሽ ነው?”

“ዳንስ ይሆናላ!”

ሌላም ጣጣ አለ። ሴት ላይ መራመድ ነውር ስለሚመስላቸው፣ በር ላይ እንደተገናኙ ሁሉ “ቅደሚ” ይሏታል።

“እኔ ወደኋላ ነው የምሄደው፤ የሚመሩት እርስዎ ነዎት።”

“ታዲያ ገፋሁሽ እኮ!”

ቀኑ ሲቀርብ እንቅልፍ አጡ። ታክሲ ሰልፍ ላይ ግራ እግራቸውን ሰደድ መለስ ሲያደርጉ ያዩ አንዲት እናት፣ ሪህ መስሏቸው ጠበል ጠቆሟቸው። ጠበል መጠቆሙ ሐሳብ ሰጣቸው መሰለኝ፣ ለሳሪስ አቦ ተሳሉ፤ በዳንሱ ሰዓት መብራት ቢጠፋ ጃንጥላ ሊያስገቡ።

አቦም ሰሙ። የሠርጉ ዕለት የመድረክ መሪው “አባትና ልጅ ወደ መሀል!” ከማለቱ መብራቱ ድርግም አለ። በዚያ ጨለማ ውስጥ የአቶ ሀብተሚካኤል እፎይታ ከጎኔ ተሰማኝ። ወዲያው የአዳራሹ ጄኔሬተር ተነሣ። ጃንጥላውም አልቀረላቸው፣ ዳንሱም አልቀረላቸው።

ቦርሳዎቹን ከጭናቸው አንሥተው እኔ ጭን ላይ ደረደሩ። ሄደው ልጃቸውን ያዟት፤ ዓይናቸውን ጨፈኑ፤ ዕድሜ ልኩን ሲቀድም የኖረውን ቀኝ እግራቸውን በልባቸው ይቅርታ ጠይቀው ግራቸውን ሰደዱ።

ቋ! ጫማና ጫማ ተጋጨ።

“አባዬ! በግራ?”

“በግራ ነዋ! ወንድ በግራ ነው የሚጀምረው!”

“እኔ እኮ ቀኝህን ሳታስቀድም እንደማትቀር ስለማውቅ፣ ለአንተ ብዬ ገልብጬ ነው የተለማመድኩት!”

አባት ተሸበሩ። ግራቸውን አዩ፣ ቀኛቸውን አዩ፣ ልጃቸውን አዩ። ከዚያ በር ላይ እንደሚሉት፣ “በይ ቅደሚ” አሏት። ቀደመች። እየሳቀች ወደፊት መራቻቸው፣ እሳቸው እያለቀሱ ወደኋላ ሄዱ። በየትኛው እግር እንደጀመሩ ያየ የለም።

ሲጨርሱ ወደ ወንበራቸው የሚመለሱ መስሎኝ ቦታ ለቀቅሁላቸው። አልተቀመጡም። ዘፈኑ ሞቅ ብሏል። ጭኔ ላይ የተከመረውን ቦርሳ ትኩር ብለው አይተው እጄን ያዙኝ።

“ዛሬስ?” አሉኝ።

“ዕቃውን ማን ይጠብቃል?” ልል ነበር። ቀኝ እግሬ ቀደመኝ።