ደሴት ላይ የወጣች ቃል

የእኛ አገር ሰው ምክር ለመስጠት እጁ አይታጠፍም። ጨው ብትጠይቁት "ዛሬስ እኔም አልቆብኛል" ሊላችሁ ይችላል፤ ምክር ግን አልቆበት አያውቅም። ሳትጠይቁትም ይሰፍርላችኋል፤ ያውም በቁና፣ ያውም ጫፉ እስኪፈስ። ልጅ ካላችሁ ደግሞ አለቀላችሁ። የወለዳችሁት እናንተ ብትሆኑም፣ ስለ አስተዳደጉ መንገድ ላይ ያገኛችሁት ሁሉ ይጠይቃችኋል።

እኔና ባለቤቴ ትርንጎ ይህን የተረዳነው በልጃችን ምክንያት ነው። ቃልኪዳን ትባላለች፤ ስናቆላምጣት "ቃል" እንላታለን። ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ሲሆናት ታዲያ ቃል፣ ቃል አልነበራትም። ትሮጣለች፣ ትስቃለች፣ የጎረቤት ዶሮ አባርራ ቆጥ ታስወጣለች፤ ከአፏ ግን "እማ" እንኳ ወጥቶ አያውቅም። እኔ ቢቸና ውስጥ የእንስሳት ሐኪም ነኝ። ወዳጆቼ "ምን ይደረግ፣ ያንተ በሽተኞች አይናገሩ! ዝምታውን ከሥራ ቦታ ይዘህባት ገብተህ ነው" እያሉ ቀለዱብኝ። ሳቅሁላቸው። አንጀቴ ግን አልሳቀም።

ምክሩማ ዘነበ። አንዱ ማር አልሷት አለን፤ አንዱ ጠበል አስጠምቋት አለን፤ አንዱ ስልክ አታሳዩዋት ሲለን፣ ሌላው ስልክ አሳዩዋት አለን። የሕፃናት ሐኪሙ ደግሞ መርምሮ "ጆሮዋ ደህና ነው፤ የሚያሰጋ ነገር አላየሁባትም፤ ትንሽ ታገሡ" አለን። ሞጣ ያሉት አማቴ እማማ ጥሩወርቅ፣ የመሪጌታ ሚስት የነበሩ ናቸውና፣ ነገሩን ከፍ አድርገው ነው ያዩት። "አያቷም ቅኔ ሊቀኝ ሲል እንዲህ ዝም ይል ነበር፤ ተዋት፣ እየቆጠረች ነው" ይሉኛል በስልክ። ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ግን ለእመቤታችን ሌላ ስለት መጨመራቸውን ከትርንጎ እሰማለሁ። ዝም አይነቅዝም ይባላል። እውነት ነው፣ ዝምታው አይነቅዝም። የሚጠብቀውን ሰው ግን ያነቅዘዋል።

ትርንጎ አስተማሪ ናት። ቀኑን ሙሉ የሚንጫጩትን ዝም ስታሰኝ ትውልና፣ ቤት ገብታ ዝም ያለችውን "እስቲ በይ" እያለች ትለምናለች። አንድ ቅዳሜ ልብስ ስታጥብ እንባዋ አረፋው ላይ ሲንጠባጠብ አየሁ።

"ምን ሆንሽ?" አልኳት።

"የሰው ልጅ ሁሉ 'ቲቸር፣ ቲቸር' ይለኛል፤ ይቺ አንዲቷ 'እማ' ብትለኝ ምን ነበረበት?"

አብሬያት ልብስ ጨመቅሁ።

በዚያው ሰሞን ነው እንግዲህ የትርንጎ ወንድም ሙሉቀን ቲኬት የላከልን። ሙሉቀን ዛንዚባር በምትባል፣ ዙሪያዋን ባሕር በከበባት ደሴት ላይ፣ አንድ የእንግዳ ማረፊያ ውስጥ ምግብ አብሳይ ነው። "የእህቴን ልጅ ሳላያት ልትዳር ነው" እያለ ሲወተውት ከርሞ፣ በመጨረሻ የክረምቱን ዕረፍት ጠብቆ ጠራን። ከቢቸና ሰው ሽርሽር ሄደ ከተባለ ቢበዛ ባሕር ዳር ነው። "ለባሕር ከሆነ ባሕር ዳር አለላችሁ አይደለም ወይ?" ያሉን አልጠፉም። ምክር ነዋ።

ደሴቲቱን እንዴት ልንገራችሁ? ዓባይ በረሃ ወርዳችሁ ታውቃላችሁ? ያንን ሙቀት አስቡት፤ ከሥሩ ግን ወንዝ ሳይሆን ሰማይን የሚያህል ውሃ ተነጥፏል። ቃል አሸዋውን ስትረግጥ መጀመሪያ እግሯን ሰቀለች፤ ቀጥላ በጣቷ ነካችው፤ ቀጥላ ቀመሰችው፤ ከዚያ በኋላ ከአሸዋው የሚለያት ጠፋ። እኔም ሱሪዬን እስከ ጉልበቴ ሰብስቤ፣ እንደ ጨዋ ሰው በዝግታ ወደ ባሕሩ ገባሁ። ማዕበሉ አንድ ነጠላ ጫማዬን ወሰደ። ሁለተኛውን አውልቄ ወረወርኩለት፤ አንዱን ይዤ ምን እሠራበታለሁ?

ደስታችን ግን ከባሕሩ ብቻ አልነበረም። እዚያ "ልጅቷ ተናገረች ወይ?" የሚል ሰው የለም። ብሎም ከሆነ በስዋሂሊ ነው፤ አልገባንም። ነገሩን ሳስበው፣ በዚያ ደሴት ድዳዎቹ እኛ ነበርን። ትርንጎ ሎሚ ለመግዛት ፊቷን ታኮማትራለች፤ እኔ እንቁላል ፈልጌ ክንፌን አራግባለሁ። ቃል ግን ዱሮም በእጇና በዓይኗ የምትግባባ ናትና ከሁላችንም በልጣ ተገኘች።

በማረፊያው አንሶላ የሚያጥቡ ቢ ዙሁራ የሚባሉ ሴት ነበሩ። "ቢ" ማለት በእነሱ "እትዬ" እንደማለት ነው። ቃል ከእሳቸው ቀሚስ አልለይ አለች። እሳቸውም እያጠቡ ያወሯታል፤ ጠይቀዋት ይጠብቃሉ፤ ዝም ስትላቸው መልስ እንደ ሰጠቻቸው ሁሉ ራሳቸውን ነቅነቅ አድርገው ይቀጥላሉ። እኛ ቃል ገና ወደ ጆጉ ዞር ስትል ውሃ የምንቀዳ፣ ዓይኗ ዳቦ ላይ ካረፈ ዳቦውን አፏ የምናደርስ ሰዎች ነን። ቢ ዙሁራ ግን ብርጭቆውን ከፍ አድርገው ይይዙና "ማጂ?" ብለው ይጠብቃሉ። አይቸኩሉም። ኋላ ነው የገባኝ፤ እኛ ቤት ስለ ቃል የሚናገረው ሰው ከመብዛቱ የተነሳ፣ ለእሷ ተራ አልደረሳትም።

አንድ ቀን ጠዋት ተነስተን ብናይ ባሕሩ የለም። ልብ በሉ፣ ባሕሩ! ጀልባዎቹ አሸዋ ላይ በጎናቸው ተጋድመዋል፤ ሴቶች ትናንት ማዕበል በነበረበት ላይ ቅርጫት ይዘው ይሄዳሉ። ሙሴ በትሩን ይዞ ያለፈ መሰለኝ። ሙሉቀን የባሕር ውሃ በየቀኑ እንደሚሸሽና እንደሚመለስ ነግሮኝ ነበር፤ ይህን ያህል ይርቃል ብዬ ግን አልገመትኩም። ቃል ሮጣ ዳርቻው ላይ ቆመች። ግራ አየች፣ ቀኝ አየች። ከዚያ አንሶላ ወደሚያሰጡት ቢ ዙሁራ ዞረች፣ ሁለት እጆቿን ዘረጋችና ጮኸች።

"ማጂ ሃኩና!"

ቢ ዙሁራ ቅንጣት አልደነገጡም። ሥራቸውን ሳያቋርጡ ወደ አድማሱ እያመለከቱ መለሱላት። ትርንጎ ግን ክንዴን እስኪሰነብር ጨመቀችው።

"ተናገረች! ሰማህ? ተናገረች!"

"ምን አለች?"

"እኔ ምን አውቄ!"

ሙሉቀን ጩኸታችንን ሰምቶ ጭልፋውን እንደያዘ ከወጥ ቤት ወጣ። ያለችውን ደገምንለት። አሸዋው ላይ ቁጭ ብሎ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። "ውሃ የለም ነው ያለችው!"

ውሃ የለም! ቧንቧው በፈረቃ ከሚመጣበት ሰፈር ተነስታ፣ አየር ሰንጥቃ፣ ዙሪያው ባሕር በሆነ አገር ላይ አፏን የፈታችው በዚህ ነው። ይቺን ልጅ ቢቸናዊት አይደለችም የሚለኝ ካለ ይምጣ።

ከሰዓት በኋላ ውሃው ተመለሰ። ቃል ወደ እናቷ ሮጣ ቀሚሷን ጎተተች። "ማማ! ማጂ!" አለቻት። እናት በስዋሂሊም "ማማ" ነው አሉ፤ በእነሱ ይሁን በእኛ ቋንቋ የጠራቻት አላውቅም። ትርንጎም አልጠየቀችም። ከነቀሚሷ ውሃው ውስጥ ቁጭ አለችና አቀፈቻት።

ወደ ሞጣ ደወልን። "በምን ቋንቋ?" አሉ አማቴ። "በስዋሂሊ" አልናቸው።

"ምን አለበት? ሐዋርያትስ በባዕድ ቋንቋ አይደለም ወይ የተናገሩት! እናንተ ብቻ በደህና ግቡ" አሉን።

ስንመለስ በቀጥታ ሞጣ ወረድን። ወሬው ቀድሞን ኖሮ ቤቱ ሞልቶ ጠበቀን። ከየአቅጣጫው "እስቲ ማጂ በይ!" "እስቲ ማማ በይ!" "እስቲ ጮክ በይ!" ሆነ። ቃል የአያቷን ቀሚስ ይዛ ጭጭ። አንዲት ጎረቤት ወደ ሌላዋ ጠጋ ብላ "እናትየዋ ከናፍቆት የተነሳ የሰማች መስሏት ነው እንጂ ልጅቷስ..." ስትል ሰማሁ። የትርንጎ ፊት ጠቆረ። ይህን ጊዜ ቃል ከቀሚሱ ሥር ብቅ አለች፤ መዳፏን ወደ ሕዝቡ ዘረጋች፤ ልክ እንደ እናቷ፣ ልክ በአስተማሪ ድምፅ፣

"ዝም በሉ!"

በጥሩ አማርኛ። ቤቱ ጸጥ አለ። አማቴ እልል ሊሉ አፋቸውን ከፍተው ነበር፤ ፈርተው መልሰው ዘጉት። ስንት ጠበል፣ ስንት ማር፣ ስንት መላ ይዞ የከረመ ሕዝብ ለአንድ ጊዜ እንኳ የሚለው ጠፋው።

በዚያ ጸጥታ ውስጥ ቃል አያቷ እግር ሥር ተቀመጠችና የባሕሩን ነገር ታወራ ጀመር። ግማሹ ስዋሂሊ፣ ግማሹ አማርኛ፣ ግማሹ የራሷ። ሦስት ግማሽ እንደማይኖር አውቃለሁ፤ እናንተ ግን ስታወራ አልሰማችኋትም።