ዛፍ ክርስትና ያነሳው ልብስ ሰፊ

ግማሽ ፈረንሳይኛ የሚያውቅ ሰው ምንም ከማያውቀው ይብሳል። አትሳቁ፣ ስለ ራሴ ነው የማወራው።

ጅቡቲ ከተማ፣ ካርቲየ 5 በሚባለው ሰፈር ልብስ ሰፊ ነኝ። ከቀትር በኋላ ፀሐይዋ ቀጥ ብላ ሱቄ ትገባለች፤ ደንበኛ ወገቡን ሳያስለካ ይሸሻል። ስለዚህ አንድ የዩኒቨርሲቲ መምህር ከነተማሪዎቹ መጥቶ «ከነዋሪው ጋር ተባብረን ዛፍ እንተክላለን» ሲል፣ ዶማ ይዤ ደጄ ላይ የቆምኩት እኔ ነኝ። ጥላ ላገኝ ነዋ!

መምህሩ በፈረንሳይኛ «ችግኙ ፓራን ያስፈልገዋል» አለ። ኃላፊነት ወስዶ የሚንከባከበው ሰው ማለቱ ነበር። እኔ የማውቀው ፓራን ግን የቤተ ክርስቲያኑን ነው... ለጎረቤቶቼ «ዛፉ የክርስትና አባት ይፈልጋል» ብዬ ተረጎምኩ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ!

ሻይ የሚሸጡት እትዬ አጸደ (ከስማቸው በቀር በመንደራችን አጸድ የለም) ቀረብ አሉ።

«ስሙ ማነው?»

«ኒም።»

«እሱማ የዓለም ስሙ ነው።»

ሶማሌው ጎረቤታችን ሐሰን ሳቁን ዋጥ አድርጎ «ወላሂ፣ እኔ አጠጣዋለሁ፤ ማጥመቁ የእናንተ ነው» አለ።

በአንድ ድምፅ የክርስትና አባት ሆንኩ። የክርስትና አባት ደግሞ ያለብሳል፤ ፍየል እንዳይነካው ከጆንያ ቀሚስ ሰፋሁለት፣ ጠርዙንም ጠለፍኩት። መንገደኛው ሁሉ «ልጅህ እንዴት ነው?» ይለኝ ጀመር። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ወደድኩት። አዲስ ቅጠል ሲያወጣ ሰፈሩን ሻይ ጋብዣለሁ።

የጅቡቲን ፍየል ግን ታውቋታላችሁ... ካርቶን በልታ ነው የምታድገው። አንድ ቀን ከምሳ ስመለስ ልጄንም ቀሚሱንም በልታ ጥልፉን ብቻ ትታልኛለች።

እትዬ አጸደ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው መጡ። ሐሰን የጭነት መኪና ሸራ አምጥቶ ከሱቄ በር እስከ ቤቱ በር ወጠረው፤ ወንበር ተደረደረ፣ ሻይ ተቀዳ። ሊያሾፉብኝ እንደሆነ አላጣሁትም፤ ቢሆንም ሐዘንተኛው ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ሱቄም ለመጀመሪያ ጊዜ ቀዘቀዘ።

ለካ መምህሩ ችግኙን የሚጎበኘው በዚያው ቀን ኖሯል። ሸራው ስር የተሰበሰበውን ሰው ሲያይ ፊቱ በራ።

«ይህን ሁሉ ሰው ያሰባሰበው ዛፉ ነው?» ሲል በፈረንሳይኛ ጠየቀኝ።

«አዎ» አልኩት። እስከዚህ ድረስ ፈረንሳይኛዬ አላሳፈረኝም።

«ታዲያ የት አለ?»

ጥያቄውን ለእትዬ አጸደ ነገርኳቸው። አንገታቸውን ደፍተው «አርፏል በለው» አሉኝ።

እኔም አንድም ቃል ሳልጨምር «ዕረፍት ላይ ነው» ብዬ ተረጎምኩለት። መምህሩ እንዳይረብሸው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ሻዩን ተቀበለ።