ግመሉን ከጎጃም ስለማስወጣት

ቀን፦ ረቡዕ፣ ጥቅምት 12 ቀን 2018 ዓ.ም.
ቦታ፦ ፍኖተ ሰላም፣ የ«ነባር ዐሻራ» የታሪክ ወዳጆች ማኅበር አዳራሽ (አዳራሽ የሚባለው ስድስት ወንበር የሚይዘው ክፍል ነው)
ሰዓት፦ ለ7፡00 ተጠርቶ 8፡10 ተጀመረ

የተገኙ
1. አቶ ተስፋው፣ ሰብሳቢ፣ በጡረታ ላይ ያሉ ርዕሰ መምህር
2. መሪጌታ ወልደ ሥላሴ፣ አባል፣ የቅኔ መምህር
3. አቶ ወንዳወቅ፣ አባል፣ የቡሬ ተወካይ፣ የበርበሬ ነጋዴ
4. ወ/ሮ ሀብትነሽ፣ አባል፣ ከጅጋ የገበሬዎች ተወካይ
5. ወ/ት ሕሊና፣ የኮምፒውተር መምህርት፣ ጉዳዩን ያቀረበች፣ ያለ ድምፅ
6. ያረጋል፣ ጸሐፊ፣ ያለ ድምፅና ያለ ምሳ

በፈቃድ የቀሩ፦ አቶ ትዕዛዙ፣ አባል (የሚካኤል ማኅበር ተራቸው ደርሶ ቤታቸው ደግሰዋል)

ምልዓተ ጉባኤ፦ ከአምስቱ ባለድምፅ አባላት አራቱ ስለተገኙ ተሟልቷል። አቶ ወንዳወቅ ቡሬ ትልቅ ከተማ በመሆኗ እንደ ሁለት ሰው ትቆጠር ሲሉ ያቀረቡት ሐሳብ ከራሳቸው በቀር ደጋፊ አላገኘም። ሰብሳቢውም የማኅበሩን መተዳደሪያ ደንብ አንቀጽ 9 በንባብ አሰምተዋል፦ ቃለ ጉባኤ በዕለቱ ተጽፎ በዕለቱ ማኅተም ይረፍበት፤ አፈጻጸሙም የጸሐፊው ኃላፊነት ነው። ጸሐፊው ሰምቻለሁ ብሏል።

መነሻ

ሰብሳቢው ስለ ታሪክ ጥቅም አርባ ደቂቃ ከተናገሩ በኋላ ወ/ት ሕሊና ጉዳዩን እንድታስረዳ ሦስት ደቂቃ ፈቅደውላታል።

እርሷም እንዳስረዳችው «ስምንቱ ዘውዶች» የሚባል የውጭ አገር የኮምፒውተር ጨዋታ አለ። ተጫዋቹ አንድ መንግሥት ይመርጥና ገበሬ ያሰማራል፣ ከተማ ይቆረቁራል፣ ጦር ያዘምታል፣ ጎረቤቱን ይወጋል። የዛሬ አራት መቶ ዓመት የነበረችው ጎጃምም ከምርጫዎቹ አንዷ ናት። ይሁንና በጨዋታው ውስጥ ጎጃም ዳር እስከ ዳር አሸዋ ናት። ገበሬው ድንኳን ውስጥ ያድራል፤ የሚያርሰውም በግመል ነው።

ወ/ት ሕሊና ጨዋታውን ለሚሠራው ድርጅት ዐሥራ አራት ወር ጽፋ በመጨረሻ መልስ አግኝታለች። በአካባቢው የሚገኝ ማኅበር ማኅተም ያረፈበት የአንድ ገጽ ደብዳቤ ዛሬ እስከ 11፡00 ሰዓት ከደረሳቸው ያስተካክላሉ። ካልደረሳቸው ጎጃም በአዲሱ እትም እንዳለች ትወጣለች፤ የሚቀጥለው እርማት ከአራት ዓመት በኋላ ነው። ደብዳቤው ተጽፎ ቀርቧል፤ ሦስት መስመር ነው፦ ግመሉ በጥማድ በሬ፣ አሸዋው በቀይ አፈር፣ ድንኳኑም በሣር ክዳን ቤት ይተካ። የቀረው ማኅተም ብቻ ነው። ማኅተሙም በዚህ ሰዓት ሰብሳቢው ፊት፣ ጠረጴዛው ላይ ነበር።

አያይዛም ከተማችን ባለው የጨዋታ ቤት ተማሪዎቿ የሌላውን ሁሉ መንግሥት ሲመርጡ ጎጃምን የሚመርጥ አንድም ልጅ እንዳላየች፣ አንዲት ተማሪም «ቲቸር፣ የኛ በሬዎች የት ሄዱ?» ብላ እንደጠየቀቻት ተናግራለች። ሰብሳቢው ሦስቱ ደቂቃ ማለቁን አስታውሰዋታል።

አጀንዳ 1፦ ግመሉን ስለማስወጣት (ከ8፡55 እስከ 9፡30)

ጎጃም በግመል ታርሳ እንደማታውቅ ሁሉም አባላት በአንድ ደቂቃ ውስጥ ተስማምተዋል። ውይይቱ የተጀመረው ከዚያ በኋላ ነው።

አቶ ወንዳወቅ አያታቸው ቡሬ ገበያ አንድ ግመል ማየታቸውን ሲያወሩ መስማታቸውን ገልጸው፣ ግመሉ ሙሉ በሙሉ ከወጣ የአያታቸው ቃል ውሸት ሊባል ነው ሲሉ ተቃውመዋል። ወ/ሮ ሀብትነሽ አያትየው ግመሉን ሲያርስ አይተውት እንደሆነ ጠይቀዋል። አቶ ወንዳወቅ ቆሞ ነው ያዩት ብለዋል።

መሪጌታ በበኩላቸው ሰብአ ሰገል በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ላይ ከነግመላቸው መኖራቸውን አስታውሰው፣ ግመልን በደፈናው ማውገዝ ሥዕሉን መንካት እንዳይሆን ጥንቃቄ ይደረግ ሲሉ አሳስበዋል። ወ/ሮ ሀብትነሽ «ኧረ እናንተ ሰዎች፣ ስለ በሬው የሚናገር የለም?» ማለታቸው ቃል በቃል እንዲያዝላቸው ጠይቀው ተይዞላቸዋል። ወዲያው የበሬዎቹ መልክ ቀይ ይሁን ወይስ ቡሬ የሚል ክርክር ተነሥቶ፣ አቶ ወንዳወቅ የትውልድ ከተማቸው ስም በከብት መልክ መነሣቱን እንደ ክብር ስለቆጠሩት በዚህ ብቻ ሃያ ደቂቃ ሄዷል።

ከረጅም ውይይት በኋላ ግመሉ ከጎጃም እንዲወጣ፣ ሆኖም አንድ ግመል ለመታሰቢያ ቡሬ ገበያ እንዲቆም በሙሉ ድምፅ ተወስኗል።

አጀንዳ 2፦ ዋና ከተማ (ከ9፡30 እስከ 9፡55)

ይህ አጀንዳ በደብዳቤው ውስጥ አልነበረም። ወ/ት ሕሊናም አለመኖሩን ገልጻ «ጋሼ ተስፋው፣ እባክዎን ሰዓቱን ይዩት» ብትል፣ ሰብሳቢው ታሪክ በጥድፊያ እንደማይሠራ አስረድተዋታል።

ሰብሳቢው ዋና ከተማዋ ፍኖተ ሰላም እንድትሆን ሐሳብ አቅርበዋል። መሪጌታ ጨዋታው በሚካሄድበት ዘመን ፍኖተ ሰላም በዚህ ስሟ እንደማትታወቅ አስረድተዋል። ሰብሳቢው ይህ የመሪጌታ የግል አስተያየት ሆኖ ይመዝገብልኝ ብለዋል። አቶ ወንዳወቅ እንግዲያው ቡሬ ትሁን፣ ልዩ ኃይሏም በርበሬ ይሁን፤ ጠላት ከተማዋ ሲደርስ እያነጠሰ ይመለስ ብለዋል። ሰብሳቢው መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጴዛውን በጡጫ መትተዋል። ማኅተሙ ወደቀ፤ ጸሐፊው አነሣው።

ከረጅም ውይይት በኋላ ዋና ከተማዋ ከሁለቱም ሳትሆን በመካከላቸው ያለችው ማንኩሳ እንድትሆን ተወስኗል። ማንኩሳ በስብሰባው ተወካይ ስላልነበራት አልተቃወመችም።

አጀንዳ 3፦ የገበሬው የሥራ ቀናት (ከ9፡55 እስከ 10፡40)

መሪጌታ ከወ/ት ሕሊና ኮምፒውተር ላይ ጨዋታውን ለጥቂት ጊዜ ከተመለከቱ በኋላ ከግመሉ የባሰ ስሕተት ማግኘታቸውን ገልጸዋል። የጨዋታው ገበሬ ከወር እስከ ወር ያርሳል! ልደታ የለ፣ አቦ የለ፣ ሥላሴ የለ፣ ማርያም የለ፣ ቅዳሜና እሑድ እንኳ ከሞፈሩ አይለይም። እንዲህ ያለ ገበሬ በጎጃም ምድር አልተፈጠረም፤ ቢፈጠርም በረዶ ይመታው ነበር ብለዋል። ወ/ሮ ሀብትነሽ ይህ እውነት መሆኑን፣ ሠፈራቸው ውስጥ አንድ ሰው በጊዮርጊስ አርሶ መንደሩ ዓመቱን ሙሉ እንዳኮረፈው አረጋግጠዋል።

ሰብሳቢው በዚህ ጊዜ ውክልና ሲባል ለገበሬ ብቻ ነው ወይ ሲሉ ጠይቀዋል። በጨዋታው ውስጥ ትእዛዝ የሚጽፍ ጸሐፊም እንዳለ በዓይናቸው ማየታቸውን ገልጸው፣ የቢሮ ሠራተኛው በበዓል ቀን እየሠራ ገበሬው ቢያርፍ በመንግሥት ሠራተኛው ታሪክ ላይ የሚፈጸም በደል ነው ብለዋል። ስለዚህ በወር በዓላት ማረስ፣ መፍለጥና መውቃት ብቻ ሳይሆን ደብዳቤ መጻፍ፣ መፈረምና ማኅተም መምታትም ሥራ ተብሎ እንዲከለከል ጠይቀዋል። ሐሳቡ የጸሐፊውን ድጋፍ አግኝቶ ነበር፤ ጸሐፊው ድምፅ የለውም።

ወ/ት ሕሊና ይህ ቢደረግ ምን እንደሚከተል እንዲያዩት በዓላቱንም ማንኩሳንም ኮምፒውተሩ ላይ አስገብታ ጨዋታውን አስጀምራለች። አባላቱ ወንበራቸውን አስጠግተዋል። ጎጃም በልደታ አረፈች፤ በአቦ አረፈች፤ በሥላሴ አረፈች። በሚካኤል ዕለት የጎረቤት ጦር ደርሶ ጎተራውን አቃጠለ፤ ገበሬው በዓል ላይ ስለነበር አልተነሣም። ማንኩሳ ዋና ከተማ በሆነች በዐሥራ ሦስተኛው ደቂቃ ተያዘች። አቶ ወንዳወቅ በርበሬው ቢፈቀድ ኖሮ ይህ አይደርስም ነበር ብለው ለረጅም ጊዜ አኩርፈዋል።

ወ/ት ሕሊና በዓላቱ ቢቀሩ እንደሚሻል ብትለምንም፣ መሪጌታ ጥፋቱ የበዓሉ ሳይሆን በዓል የማያከብረው የጎረቤት ጦር መሆኑን አስረድተዋል።

ከረጅም ውይይት በኋላ (ሀ) በወር በዓላት ማኅተም መምታትን ጨምሮ ማናቸውም ሥራ እንዳይሠራ፣ (ለ) ሰባቱም የጎረቤት መንግሥታት የጎጃምን በዓላት እንዲያከብሩ በሙሉ ድምፅ ተወስኗል። ወ/ት ሕሊና የሦስት መስመሩ ደብዳቤ በእነዚህ ውሳኔዎች ዐሥራ ዘጠኝ መስመር እንዲሆን አድርጋ እዚያው በፕሪንተር አውጥታለች። አንድ ገጽ አልሞላም፤ እሰይ ብላለች።

አጀንዳ 4፦ ማኅተም ስለመምታት (ከ10፡40 ጀምሮ)

ሰብሳቢው ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አንብበው ማኅተሙን አነሡ፤ እፍ አሉበት። በዚህ ቅጽበት ስልካቸው ጮኸ። በፈቃድ የቀሩት አቶ ትዕዛዙ ነበሩ፤ ድምፃቸው ጎላ ያለ ስለሆነ ሁሉም ሰምቷል። «ኧረ ተስፋው፣ ምን ሆናችሁ ነው? ጠላው ተቀድቷል፣ የሚካኤል ዳቦ ሳይቆረስ እናንተን ይጠብቃል። በበዓል ቀን ሥራ የምትሠሩት ምን ገጥሟችሁ ነው?» ብለዋል።

የሰብሳቢው እጅ ከነማኅተሙ አየር ላይ ቆሟል።

ዛሬ ዐሥራ ሁለት መሆኑን ማን ያውቅ እንደነበር ተጠይቆ፣ መሪጌታ ከሌሊት ጀምሮ ማኅሌት ቆመው ማደራቸውን፣ ነገር ግን ጉዳዩ በአጀንዳ ስላልተያዘ ዝም ማለታቸውን ገልጸዋል። ጸሐፊው ቀኑንም የአቶ ትዕዛዙንም ምክንያት ከላይ ጽፎት ነበር፤ ያነበበው የለም።

ወ/ት ሕሊና ውሳኔው ለጨዋታው ገበሬ እንጂ ለእኛ አይደለም፣ ማኅተም የሁለት ሰኮንድ ነገር ነው ብላለች። ሰብሳቢው እኛ ራሳችን ያላከበርነውን የውጭ ሰው እንዴት ያከብረዋል ሲሉ ጠይቀዋል። ወ/ሮ ሀብትነሽ ሁልጊዜ በሚካኤል የማርፍ ሴት ነኝ፣ ለዚህች ልጅ ማኅተም ብትመቱላት ሚካኤል ራሱ አይቀየማችሁም ብለዋል። ድምፅ ተሰጥቶ ሦስት ለአንድ ተሸንፈዋል።

በዚሁ መሠረት የመጨረሻው ውሳኔ የሚከተለው ነው፦ ስብሰባው በበዓል ቀን የተካሄደ ሥራ በመሆኑ በዛሬው ዕለት የተወሰነው ሁሉ፣ ስለ ግመሉ፣ ስለ ቡሬው መታሰቢያ ግመል፣ ስለ ማንኩሳ፣ ስለ በዓላቱና ስለ ደብዳቤው የተባለው በሙሉ እንዳልተወሰነ ተቆጥሮ ተሽሯል።

ወ/ት ሕሊና እንግዲያው በበዓል ማኅተም አይመታም የሚለውም አብሮ ተሽሯልና ይመታ ብትል፣ ሰብሳቢው የክርክሩን ጥራት አድንቀው፣ በእሳቸው ዘመን እንዲህ የሚያስብ ተማሪ አለመኖሩን ተናግረው ኮታቸውን ለብሰዋል። ስብሰባው 10፡50 ላይ ተበትኖ አባላቱ ወደ አቶ ትዕዛዙ ቤት በሁለት ባጃጅ ሄደዋል። ወ/ሮ ሀብትነሽ በሩ ላይ ቆም ብለው «የኔን በሬዎች ፎቶ አንሥተሽ ላኪላቸው ልጄ፤ እነሱ ማኅተም አያስፈልጋቸውም» ብለዋታል።

ከስብሰባው በኋላ

ማኅተሙ ተቆልፎ እንዲቀመጥ ለጸሐፊው ተሰጥቷል። ክፍሉ ውስጥ ጸሐፊውና ወ/ት ሕሊና ብቻ ነበሩ። 10፡52 ላይ ወ/ት ሕሊና ደብዳቤውን ያለ ማኅተም ብትልከው፣ ማኅተም የለውም የሚል መልስ 10፡54 ላይ ደርሷታል።

ከዚያ የመጀመሪያውን የሦስት መስመር ደብዳቤ ጸሐፊው ፊት አስቀምጣ «ያረጋል፣ አንተ ምታው» ብላለች። ጸሐፊው ከሰብሳቢው ትእዛዝ ውጭ ሥልጣን እንደሌለው ገልጿል። «ያረጋል» ብላ አንድ ጊዜ ደግማለች። ጸሐፊው ያንኑ ደግሞ ገልጿል፤ ዓይኗን ግን አላየም። ጸሐፊው ያደገው ማንኩሳ ነው፤ አባቱ እስከ ዛሬ በሁለት በሬ ያርሳሉ።

11፡00 ሆነ። 11፡03 ላይ ድርጅቱ ለትብብሩ አመስግኖ ግመሉ ባለበት የሚቀጥል መሆኑን አስታውቋል። ወ/ት ሕሊና ኮምፒውተሯን ዘግታ የቻርጀሩን ገመድ መጠቅለል ጀምራለች።

ጸሐፊው ይህን ቃለ ጉባኤ 11፡20 ላይ አጠናቆ፣ በአንቀጽ 9 መሠረት ማኅተሙን መትቶበታል። ማኅተሙ በአንዴ ጥርት ብሎ ወጥቷል። ወ/ት ሕሊና በር ላይ ደርሳ ነበር፤ ድምፁን ሰምታ ዞር አለች፣ ወረቀቱን አየች፣ ጸሐፊውንም አየች። ያለችው በቃለ ጉባኤ የሚያዝ አይደለም።

ያረጋል፣ ጸሐፊ