የገንፎው ጉድጓድ

ሰው ለገዛ ሆዱ ሲሆን ሐኪም ቢነግረውም አይሰማም፤ የሌላው ሰው ሆድ ሲሆን ግን ሁላችንም ሐኪም ነን። ጮማ ተዉ፣ ጨው ቀንሱ፣ ስኳር ገዳይ ነው እንላለን። በተለይ በላተኛው በእርዳታ የሚበላ ከሆነ ምክራችን ይበረታል፤ ማኅተምም ይመታበታል። ይህን የምላችሁ ሌላውን ለማማት አይደለም። ማኅተሙ የነበረው እኔ መሳቢያ ውስጥ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሰቆጣ ላይ ለችግረኛ ቤተሰቦች የሚሰጠው የመንግሥት እርዳታ በኩፖን ሆነና፣ ባለ ኩፖኑ ከተመረጡ ሱቆች ምን ምን መግዛት እንደሚችል የሚወስን ኮሚቴ ተቋቋመ። እኔም አባል ሆንኩ። ዱቄት፣ ክክ፣ ዘይትና ጨው ያለ ክርክር አለፉ። ስኳር «ቅንጦት» ተብሎ ወደቀ፤ ይህን ስንወስን ሁላችንም ሻያችንን እያማሰልን ነበር። ቅቤና በርበሬ ሲነሱ አንዱ ባልደረባችን «ካልጠገቡ አይዘሉ» ብሎ ተረተ። ሳቅን። እነሱም ወደቁ።

በመጀመሪያው የገበያ ቀን ዝርዝሩ መከበሩን እንድቆጣጠር ሐጂ ሰይድ ሱቅ ተመደብኩ። ሐጂ ዝርዝሩን ግድግዳ ላይ ለጥፈው፣ እኔን ደግሞ ከሥሩ በርጩማ ላይ አስቀምጠው ሥራቸውን ቀጠሉ። ረፋዱ ላይ እማማ አዱኛ የሚባሉ ሴት ከሰቆጣ ዙሪያ በእግራቸው መጥተው ገቡ። ኩፖናቸውን ዘረጉና ዱቄት፣ ዘይት፣ ቅቤና በርበሬ ጠየቁ።

ሐጂ ወደ እኔ አዩ። እኔ ወደ ዝርዝሩ አየሁ።

«እማማ፣ ቅቤና በርበሬ አልተፈቀደም» አልኳቸው።

«ልጄ እኮ ትናንት ወልዳለች።»

«እንኳን ማርያም ማረቻት! ግን እማማ...»

«ዱቄቱስ?»

«ዱቄቱ ተፈቅዷል።»

«እንግዲያው ገንፎውን ፈቅዳችሁ ጉድጓዱን ከለከላችሁ በለኛ!» አሉኝ።

ቅቤና በርበሬ ያልሞላው የገንፎ ጉድጓድ አራስ ፊት ሲቀርብ ምን እንደሚመስል ለእናንተ አልነግራችሁም። እማማ ወደ ሐጂ ዞረው በአገሩ ቋንቋ በኽምጣና የሆነ ነገር ተናገሩ፤ ሐጂ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ።

«ምን አሉ?» ብዬ ጠየቅሁ።

«ተወው ልጄ፤ ይኸ በአማርኛ ደስ አይልም» አሉኝ።

እማማ የተፈቀደውን ተሸክመው ወጡ፤ እኔም ተከትያቸው ደጁ ላይ ቆምኩ። ከሱቁ ማዶ አንዲት ቅቤ ሻጭ ተቀምጣለች። እማማ ቀጥ ብለው ወደ እሷ ሄዱና ዘይቱን አስቀመጡላት። በኩፖን የተገዛ ዕቃ የለወጠ ሰው የእርዳታ ካርዱ ይሰረዛል፤ ሰራዡ ደግሞ እኔ ነኝ። ይህን እማማም ያውቃሉ። ዘይቱን ሰጥተው ቅቤውን ሲቀበሉ ዓይን ዓይኔን እያዩ ነበር። ሻጯ በርበሬውን ምራቂ አደረገችላቸው።

እስክሪብቶዬ እጄ ላይ ነበር። ካርዱ ቢሰረዝ የሚራቡት ሦስት ናቸው፤ አንዷ ገና ስም እንኳ አልወጣላትም። ከዚያ አንገቴን ወደ ላይ ቀና አድርጌ ሰማይ ሰማዩን ማየት ጀመርኩ። ወሩ ጥር ነው፤ መሐረብ የምታህል ደመና የለም። ሐጂም ወጥተው ከጎኔ ቆሙና አንጋጠጡ።

«ይዘንብ ይሆን ሐጂ?»

«አላህ ካለ ምን ያግደዋል!»

በሚቀጥለው ስብሰባ፣ የሰው ስም ሳላነሳ፣ የአራስን ነገር አነሳሁ። ቀላል ክርክር አልነበረም፤ ግማሽ ቀን ፈጀ። በመጨረሻ ያ ተራቹ ባልደረባችን ራሱ ሚስቱ የወለደች ጊዜ የበላውን ገንፎ አስታወሰ መሰለኝ፣ እጁን አወጣ። ለአራስ ቅቤና በርበሬ ተፈቀደ! ብቻ፣ መውለዷን ጤና ጣቢያው ይመሰክራል፣ ቀበሌው ያረጋግጣል፣ ወረዳው ይፈርማል፣ ኮሚቴው ያጸድቃል። የእማማ አዱኛ ልጅ የመጀመሪያዋ ተጠቃሚ እንድትሆን ማመልከቻዋን እኔው ጻፍኩ።

ደብዳቤው በየቢሮው ዞሮ ሲያልቅ ራሴ ይዤላቸው ወጣሁ። ስደርስ ሕፃኗ በሰማንያ ቀኗ ክርስትና በተነሳች ማግስት ሆኖ ተገኘ። ለእማማ አነበብኩላቸው፤ ማኅተሙን በጣታቸው ዳሰሱት፤ መረቁኝም። ከዚያ በሥርዓቱ አጥፈው መቀነታቸው ውስጥ ቋጠሩት። አራሷ ጭነት እንጨት ተሸክማ ከበር ስትገባ ጮክ ብለው ጠሯት።

«ነይ ልጄ፣ ፈቃድ መጥቶልሻል፤ ቀለሙ ሳይለቅ ቶሎ ድገሚ!»